ከቆርኪ ቁጥር 3 እስከ እንዳ ኢየሱስ ምንጭ፦ የአምስት ግቦች ሥራ ማስታወሻ

ታኅሣሥ 13፣ እሑድ

ትናንት ጨዋታው መሃል ላይ ቆመ። መብራት አልሄደም። በሕግም አልተጣላንም። የእህቴ ልጅ ዐሥራ ሁለት ወታደሮቹን አስፈጅቶ አንድ ቆርኪ ከያዘ በኋላ ቀና ብሎ «ግን ይሄ ምንድን ነው?» አለ። ቆርኪው ላይ በማርከር «3» ተጽፏል። እርስ በርስ ተያየን። ቁጥር 3 ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ጠረጴዛው ዙሪያ አልነበረም።

ለማያውቀው ላስረዳ። አራት ሰዎች ነን፦ እኔ፣ የታሪክ መምህር የሆነ ጓደኛዬ፣ አንድ ፋርማሲስትና የእህቴ ልጅ። ቅዳሜ ከሰዓት ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ፣ እናቴ ሳሎን ውስጥ የጥንት ጦርነቶችን በጠረጴዛ ላይ እንዋጋለን። ወታደሮቹ ከእግራቸው እስከ ዓይናቸው 28 ሚሊ ሜትር ናቸው። ጠረጴዛው 180 በ120 ሴንቲ ሜትር ሆኖ የተቆረጠ ኮምፔንሳቶ ነው። በሜትር እየለካን እናንቀሳቅሳለን፣ ዳይስ እንጥላለን፣ እንጨቃጨቃለን። እማዬ «የአሻንጉሊት ማኅበር» ትለናለች።

ጠረጴዛው ላይ የሚያዙ ቦታዎች ይቀመጣሉ። እኛ በአጭሩ «ግብ» እንላቸዋለን። ከግቡ 10 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ያንተ ሰው ካለና ጠላት ከሌለ ነጥቡ ያንተ ነው። ግብ የሌለበት ጨዋታ አሰልቺ ነው። ሁሉም ጥጉን ይዞ ይተኩሳል፣ ማንም ወደፊት አይሄድም። ስለዚህ ግብ ያስፈልጋል። የእኛ ግቦች ግን የቢራ ቆርኪ ናቸው።

ለየካቲት 23 የዓድዋን ዘመቻ እንጫወታለን ብለን ከተስማማን ቆይተናል። እስከዚያ ድረስ አምስት ግቦች፣ ገና ሲታዩ ምን እንደሆኑ የሚታወቁ፣ መሠራት አለባቸው። ሥራው ለእኔ ወደቀ። ቆርኪዎቹን የሰበሰብኳቸው እኔ ነኛ።

ታኅሣሥ 16፣ ረቡዕ

መምህሩ ስልክ ደወለ። ሐሳቡ አንድ ነው፦ «ዝም ብለህ የሚያምር ነገር አትሥራ። በዚያ ቀን፣ በዚያ ቦታ ሰው ለምን ሞተ? እሱን ሥራ።» የተናገረው እንደ ፈተና ጥያቄ ነው። ግን ልክ ነው። ኢንተርኔት ላይ የማያቸው ብዙዎቹ ምልክቶች በርሜልና ሣጥን ናቸው። የየትም ጦርነት በርሜል፣ የየትም ጦርነት ሣጥን።

ማታ ደብተር ላይ ጻፍኩ። መጀመሪያ ምንጭ። በጥር 1888 መቀሌ ላይ፣ እንዳ ኢየሱስ በሚባለው ኮረብታ፣ የጣልያኑ ሻለቃ ጋሊያኖ ከአንድ ሺህ በላይ ሰው ይዞ መሽጎ ነበር። ምሽጉን በፊት ለፊት መግፋት ብዙ ሰው አስፈጀ። የምሽጉ ውሃ ግን ከግንቡ ውጭ ነበር። እቴጌ ጣይቱ ምንጩ እንዲያዝ አደረጉ፣ የእቴጌይቱ ሰዎችም ያዙት። ምሽጉ ሁለት ሳምንት ያህል ተጠምቶ ተለቀቀ። ከዚህ የበለጠ ግብ ከየት ይመጣል?

ከዚያ ካርታ። ከዚያ ነጋሪት። ከዚያ መድፍ። አምስተኛው ታቦት፤ የቅዱስ ጊዮርጊስ ታቦት ዓድዋ ዘምቷል። አምስት ሞላ። ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

ታኅሣሥ 19፣ ቅዳሜ

ግቦቹ ለሚቆሙበት መደብ የሚሆን ክብ እንጨት ለማስቆረጥ አናጢው ጋ ሄድኩ። ሰፈር ውስጥ ናቸው፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ያውቁኛል።

«ጋሼ፣ 6 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው ክቦች ፈልጌ ነበር።»

«ለምኑ?»

«ለጨዋታ።»

«ስንት?»

«ዐሥር ቢሆኑ።»

ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። «አንተ ልጅ፣ ሚስት አግባ።»

ቆረጡልኝ ግን። ድሪል ላይ የሚገጠመውን ክብ መጋዝ አውጥተው፣ የኤምዲኤፍ ቁራጭ ሞርሳ ላይ አስረው፣ አንድ በአንድ። ገንዘብ አልተቀበሉም፤ «ሰጋቱራውን ጠርገህ ሂድ» አሉኝ።

እየጠረግኩ አንድ ነገር አሳቀኝ። ሰጋቱራ የጣልያን ቃል ነው። ሞርሳም፣ ኮምፔንሳቶም፣ ካቻቢቴም፣ ፒንሳም፣ ጀሶም፣ ስቱኮም። ዓድዋን እየሠራሁ ነው፤ በእጄ ያለው ሁሉ ግን ስሙ ዓድዋ ላይ የጣልያንን ጦር የመራው የባራቲዬሪ አገር ነው። ለጋሼ ነገርኳቸው። «ተሸንፈው ምን ያድርጉ፣ ዕቃቸውን ጥለው ሄዱ» አሉ።

አንድ ችግር አለ። ክብ መጋዙ መሃሉ ላይ መሪ መሰርሰሪያ አለው። ስለዚህ እያንዳንዱ ክብ መሃል ለመሃል 6 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ይዞ ወጣ። ዐሥር ቀዳዳ በስቱኮ መድፈን ነው።

ታኅሣሥ 20፣ እሑድ

ዘጠኙን ደፈንኩ። ዐሥረኛውን ልደፍን ስል እጄ ቆመ። ቀዳዳው ምንጩ ነው! የእኛ ወታደሮች ልኬት 1 ለ56 አካባቢ ነው። 6 ሚሊ ሜትር በ56 ሲባዛ 34 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። አንዲት ሴት ቅል ነክራ የምትቀዳበት የምንጭ ዓይን ልኩ ይኸው ነው። የመጋዙ ጥፋት ሥራዬን ሠራልኝ።

ታኅሣሥ 25፣ ዓርብ

ምንጩ፣ የመጀመሪያው ሙከራ። ከጣና ዳር ጠጠር ለቅሜ በኮላ ዙሪያውን ደረደርኩ። ሲደርቅ ከሩቅ አየሁት። ጣና ነው። ማንም ሰው ጣና ነው ይላል። የእኛ ድንጋይ ጥቁር ነው፤ የመቀሌ አካባቢ ግን የኖራ ድንጋይ አገር ነው፣ ገርጣ ያለ፣ ፀሐይ ላይ ዓይን የሚወጋ። ስለዚህ ጠጠሩን ሁሉ ቀለም መቀባት አለብኝ። መጀመሪያ ጥቁር ቡናማ፣ ላዩ ላይ ግራጫ፣ ከዚያ ነጭ ውስጥ ቢጫ ጠብ አድርጎ በደረቅ ብሩሽ። ደረቅ ብሩሽ ማለት ቀለሙን ከብሩሹ ላይ ጨርቅ ላይ ጠርጎ፣ የቀረችውን በጠርዝ በጠርዝ ማስነካት ነው። ድንጋዩ ጥጉን ያሳያል፣ ስንጥቁ ጥቁር ሆኖ ይቀራል።

ውሃውን በእንጨት ኮላ ሞላሁት። ሲደርቅ እንደ መስታወት ይጠራል ይባላል። ጠዋት አያለሁ።

ታኅሣሥ 28፣ ሰኞ

ሦስተኛ ቀኑ ነው። ኮላው አልጠራም። ላዩ ቆዳ ይዟል፣ ሥሩ ወተት ነው። በወፍራሙ ስለጨመርኩት አየር አላገኘም። የእንዳ ኢየሱስ ምንጭ ወተት ሆኖ ቀረ። እማዬ አይታ «ጠበል ነው?» አለችኝ።

በመርፌ ፈልቅቄ አወጣሁት። ነገ ገና ነው፤ በቃኝ።

ጥር 1፣ ሐሙስ

በገና ማግስት እጄ ገባ። ውሃ የሚያሳየው ኮላው ሳይሆን ከሥሩ ያለው ቀለም እንደሆነ ገባኝ። የቀዳዳውን መሃል ወደ ጥቁር በሚያደላ አረንጓዴ፣ ጠርዙን ፈዘዝ ባለ ቡናማ ቀባሁት። ከዚያ ኮላ በስሱ፣ በየግማሽ ቀኑ አንድ ጊዜ፣ አራት ጊዜ። በመጨረሻ ከእህቴ የለመንኩት ቀለም አልባ የጥፍር ቀለም። አሁን አምፖሉ ስር ሲዞር ያብለጨልጫል። መደቡን ዘንበል ሳደርገው እጄ ሳያውቀው ቀና አደረገው፤ ውሃው የሚፈስ መስሎት።

ምንጩ አጠገብ አንድ ነገር ጎደለኝ። ሰው እንደተጠማ የሚናገር ነገር። ወታደር ላስቀምጥ አልችልም፤ ግብ ላይ የተለጠፈ ወታደር ለተጫዋቾቹ እንቅፋት ነው፣ የራሳቸው ሰው እዚያ መቆም አለበት። ኮዳ ይሁን አልኩ፤ ባዶ የወታደር ኮዳ። ኩሽና ገብቼ የምስር ቆርቆሮ ከፈትኩ። ትንሿ ምስር ቅርጿ ኮዳ ነው፤ ሁለቱም ጎኗ እብጥ ያለ፣ ጠርዟ ስል። ጫፏ ላይ የመርፌ ቁራጭ አንገት አድርጌ፣ ክር አንጠልጥዬ፣ አፏን ወደ ውሃው አዙሬ አስተኛኋት። አፉና ውሃው መሃል አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ክፍተት አለ። እንዲደርስ አላደረግኩትም።

እግረ መንገዴን ነጋሪቱንም ጀመርኩ። ጥራጥሬው ከተከፈተ አይቀር። ነጋሪት ሆዱ ድቡልቡል፣ አፉ ዝርግ ነው። ትልቅ ሽምብራ 9 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ በ56 ሲባዛ 50 ሴንቲ ሜትር። ላይኛውን ጎን ብርጭቆ ወረቀት ላይ አሽቼ ዝርግ አደረግኩት። አፉ ላይ ስስ ወረቀት፣ ጎኑ ላይ በክር የጠፍር ሽርጥ፣ ከዚያ ቀለምና ቫርኒሽ። ሁለት ሠራሁ፤ በበቅሎ ጎንና ጎን ስለሚጫን ጥንድ ያስፈልጋል። በቅሎዋ ከትርፍ ምስሎች ተገኘች።

የማን ነጋሪት ነው? ይሄን መጠየቅም አያስፈልግም። ጎጃም ውስጥ ተቀምጦ ዓድዋ የዘመተ ነጋሪት የሚሠራ ሰው የንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ነጋሪት ካልሠራ ሰፈር ውስጥ ምን ብሎ ይሄዳል?

ጥር 4፣ እሑድ

ቁጥቋጦ ፈልጌ ሐይቁ ዳር ወረድኩ። ለመደብ የሚሆን ሣርና ቁጥቋጦ ውጭ አገር በፓኬት ይሸጣል። እኔ ደግሞ እምቦጭ አየሁ። ሥሩ ውሃ ውስጥ ሲሆን እንደ ላባ ነው፤ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ጥቁር፣ በጥቃቅን ፀጉር የተሞላ። ሲደርቅ ያን የትግራይ እሾህማ ቁጥቋጦ ይሆናል ብዬ ገመትኩ። ጎንበስ ብዬ መሰብሰብ ስጀምር አንድ ዓሣ አስጋሪ መረቡን ትቶ ቆመ።

«ምን እያደረግክ ነው?»

«ሥሩን ፈልጌ ነው።»

«አገር ምድሩ ሊነቅለው ይሞታል፣ አንተ ቤትህ ልትተክለው ነው?»

አፈርኩ። እውነቱን ነው፤ እምቦጭ በቁራጭ ግንድም ይራባል፣ ዘሩም ጭቃ ውስጥ ዓመታት ይቆያል። ሥሩን ብቻ በምላጭ ቆርጬ በፌስታል ያዝኩ፣ ግንዱንና ቅጠሉን እዚያው ደረቅ መሬት ላይ ክምሩ ላይ ጣልኩት። ቤት ስገባ ለጥንቃቄ ቀቀልኩት። ሽታውን አልናገርም። እማዬ ድስቱን ለእኔ መርቃልኛለች፤ ከእንግዲህ ወጥ አይሠራበትም።

ጥር 8፣ ሐሙስ

ሥሩ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ አራት ቀን ዋለ። ከጠበቅኩት በላይ ነው። ደርቆ እንደ ሽቦ ቆመ፤ ጥቁሩ ወደ ቡናማ ሄደ። በፒንሳ እየቆነጠርኩ ምንጩ ዙሪያ ተከልኩት። ለአፈሩ የቡና አተላ ተጠቀምኩ። ምክር ካስፈለገ፦ አተላውን መጀመሪያ ምጣድ ላይ አድርቁት። አምና እርጥቡን ለጥፌ መደቡ ሁሉ ሻግቶብኛል።

ምንጩ አለቀ። ቀና ብዬ ሳየው ሰዓቱ ስድስት ተኩል ሆኗል፤ የሌሊቱ።

ጥር 11፣ እሑድ

ጥምቀት። ሥራ የለም።

ጥር 18፣ እሑድ

አምስተኛውን ግብ ጀምሬ ነበር። ትንሽ ድንኳን፣ ፊቷ ላይ ጃንጥላ፣ ምንጣፍ። እማዬ ቡና ልታፈላ ስትመጣ ጠየቀችኝ።

«ይሄስ ምንድን ነው?»

«የጊዮርጊስ ታቦት ድንኳን ነው እማዬ። ዓድዋ የዘመተው።»

«እና ምን ይሆናል?»

«ግብ ነው። የያዘው ነጥብ ያገኛል።»

ስኒውን አስቀመጠች። «ጣልያን ቢይዘውስ?»

መልስ አልነበረኝም። በጨዋታው ሕግ ጣልያን ቢይዘው ሁለት ነጥብ ያገኛል። ይህን ለእናቴ በአፌ ለማለት ሞከርኩ፤ አልወጣልኝም።

«ታቦት ላይ ዳይስ አይጣልም» አለች። አለቀ።

ለመምህሩ ስነግረው ይስቃል ብዬ ነበር፤ አልሳቀም። «እናትህ ከኔ ይልቅ ታሪክ ገብቷታል። ማንም ሰው በነጥብ የሚለዋወጠው ነገር አልነበረም» አለ። ጃንጥላዋን አነሳሁ። ድንኳኗን ለሌላ ጊዜ አስቀመጥኳት። አምስተኛው ክፍት ነው።

ጥር 25፣ እሑድ

ካርታው። እዚህ ላይ ረዘም ላድርግ፤ የወደድኩት ሥራ ነው።

የካቲት 22 ሌሊት የጣልያን ጦር በሦስት ረድፍ፣ ከኋላ ተጠባባቂ አስከትሎ፣ ወደ ዓድዋ ተራሮች ገሠገሠ። የጄኔራል አልቤርቶኔ ብርጌድ በግራ በኩል ኪዳነ ምሕረት የሚባል ኮረብታ እንዲይዝ ታዟል። በእጃቸው የያዙት ንድፍ ካርታ ላይ ስሙ የተጻፈው የተሳሳተ ኮረብታ ላይ ነው። የአገሩ መንገድ መሪዎች እውነተኛው ኪዳነ ምሕረት ገና ወደፊት ነው አሉት። ሄደ። ከሌሎቹ ብርጌዶች ብዙ ርቆ፣ ብቻውን፣ የኢትዮጵያ ጦር መሃል ገባ። ሲነጋ እዚያው ተከበበ፤ እሱም ተማረከ።

እኛ እዚህ ይሄ አይገርመንም። ባሕር ዳር ላይ ጀልባ ተሳፍረህ «ኪዳነ ምሕረት ውሰደኝ» በል፤ ዘጌ ያለችው ዑራ ኪዳነ ምሕረት ትደርሳለህ። ከተማ ውስጥ ባጃጅ ይዘህ ያንኑ በል፤ ሹፌሩ «የትኛዋ?» ይልሃል። ኪዳነ ምሕረት የሌለችበት አገር የለም። ከመንገድ መሪዎቹ አንዱ «የትኛዋ?» ብሎት ቢሆን ኖሮ የአልቤርቶኔ ቀን ሌላ ይሆን ነበር።

ስለዚህ አንድ ሳይሆን ሁለት ግብ ሠራሁ፤ ሁለቱም ቁርጥ አንድ ዓይነት። የጥይት ሣጥን ላይ የተዘረጋ ካርታ፣ አንድ ጥግ ላይ ድንጋይ፣ ሌላው ጥግ ላይ ፋኖስ። ሣጥኑ ከክብሪት እንጨት ነው። ፋኖሷ ከጠባብ ዶቃ ናት። ልዩነቱ ከሥር ነው፦ የአንዱ መደብ ሆድ ላይ «ኪዳነ ምሕረት» ተጽፏል፣ ሌላው ባዶ ነው። የጣልያኑ ተጫዋች ኮረብታው ላይ ወጥቶ ካልገለበጠው አያውቅም። ባዶው ከደረሰው ሌላኛውን ፍለጋ ወደፊት መሄድ ግዴታው ነው።

ካርታው ራሱ 22 በ16 ሚሊ ሜትር ወረቀት ነው። ሻይ ውስጥ ነክሬ አደረቅኩት፣ ሁለት ቦታ አጠፍኩት፣ ጫፉን ለኮስኩት። የተራሮቹን መስመር በቀጭን እስክሪብቶ ሣልኩ። ስሙን ጣልያኖቹ እንደሚጠሩት «ኪዳኔ ሜሬት» ብዬ በፊደላችን ጻፍኩት። ያለ ማጉያ መስታወት አይነበብም። የእህቴ ልጅ «ካልተነበበ ለምን ጻፍከው?» አለኝ። እኔ አውቀዋለሁ አልኩት።

የካቲት 2፣ እሑድ

ነጋሪቱን ነቀዝ በላው።

ቀልድ አይደለም። ለመምህሩ ላሳየው ሣጥኑን ስከፍት አንደኛው ነጋሪት አፉ ላይ ቀዳዳ አለ። ክብ፣ ንጹሕ፣ በድሪል የተበሳ የሚመስል። ወረቀቱንም፣ ቀለሙንም፣ ሁለት ዙር ቫርኒሹንም በስቶ የወጣ ነው። አጠገቡ ጥፋተኛው ራሱ በጀርባው ተገልብጦ እግሩን ያወናጭፋል። እንቁላሉ ቀድሞውኑ ሽምብራው ላይ ነበር ማለት ነው፤ እኔ ቀባብቼ ቤት ሠራሁለት፣ እሱ አንድ ወር ውስጥ ሲበላ ከርሞ በአፉ በር ከፍቶ ወጣ።

መምህሩ ለረጅም ጊዜ አየው። «እኔ እንደዚህ ያለ ከበሮ መቺ አላየሁም» አለ።

መላው እማዬ ጋ ነበር። «ጥሬ ሽምብራ ለምን ትወስዳለህ? ቆልተህ አትወስድም?» እሳት የነካው ሽምብራ ውስጥ የሚተርፍ ነቀዝ የለም። ቆሎ ቆላችልኝ። ከአንድ እፍኝ ውስጥ ያልተሰነጠቁትን ስድስት መረጥኩ፣ የቀረውን በላን። ቆሎ ሲታሽ ይሰባበራል፤ ስድስቱ ሦስት ሆኑ። ሁለቱ ነጋሪት ይሆናሉ፣ አንዱ ትርፍ ነው።

የካቲት 6፣ ሐሙስ

መድፉ አንድ ማታ ነው የፈጀው። መንኮራኩሩ የተሰበረ የፕላስቲክ መድፍ ነበረን። አፈሙዙን አዘቅዝቄ፣ ሁለት ባዶ ቀለህ ጣል አድርጌ ጨረስኩ። ጣልያኖች ዓድዋ ይዘው የገቡት 56 መድፍ ነው፤ አንዱም አልተመለሰም። ስለዚህ ማጋነን አላስፈለገም።

የካቲት 9፣ እሑድ

ግብ ሲያዝ ማን እንደያዘው የሚያሳይ ነገር ያስፈልጋል። እስካሁን ባለቀለም ስቴኪኒ እንሰካ ነበር፤ ይወድቃል፣ ይረሳል።

ዘጌ ሄጄ የዑራን ሥዕሎች ካየሁ ቆይቷል፤ ግን አንድ ነገር አልረሳም። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቁ በሁለት ዓይኑ ያይሃል፤ ክፉው በጎን ይሣላል፣ በአንድ ዓይን። የዓድዋ ሥዕሎችም ይህንኑ ወርሰዋል፦ የእኛ ሰዎች ፊታቸው ሙሉ፣ ጣልያኖቹ በጎን።

ስለዚህ ቆርኪዎቹን መልሼ አመጣኋቸው። መሃላቸውን በስቱኮ ሞልቼ በሁለቱም ፊት ሣልኩባቸው፦ በአንዱ ሁለት ትልልቅ ዓይኖች፣ በሌላው አንድ ዓይን። ግቡን ኢትዮጵያ ስትይዝ ሁለት ዓይን፣ ጣልያን ሲይዝ አንድ ዓይን። ሃያ አንዱ ጥርስ ዙሪያውን እንደ ፀሐይ ጨረር ሆነ። ወርቃማ ቀባሁት። ዓይን ስትስል መጀመሪያ ጥቁሩን የዓይን ቅርጽ፣ ከዚያ ነጩን፣ ከዚያ ብሌኑን ወደ ላይኛው ሽፋሽፍት አስጠግተህ። ብሌኑን መሃል ካደረግከው የደነገጠ ሰው ይሆናል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ደንግጠዋል፤ ትቻቸዋለሁ።

የካቲት 16፣ እሑድ

ነገ ዐቢይ ጾም ይገባል። አምስተኛው ግብ ዛሬ ተወለደ፦ ስንቅ።

ከመምህሩ ጋር ስንነጋገር የመጣ ነው። ከዓድዋ በፊት በነበሩት ሳምንታት ሁለቱም ጦር ስንቅ እያለቀበት ነበር። ያን ያህል ሕዝብ አንድ ቦታ ሰፍሮ አገሩ አልቻለውም። ባራቲዬሪ ትንሽ ቢታገሥ ኖሮ የምኒልክ ጦር በረሃብ ሊበተን ይችል ነበር ይባላል። እንግዲህ በሶ የሞላ ስልቻ ከመድፍ አያንስም።

ስልቻውን ለመሥራት ከአንድ ሊስትሮ የአሮጌ ጫማ ምላስ ለመንኩ። ውስጡ ስስ ቆዳ ነው። በምላጭ አስስቼ፣ እንደ ጣት ጠቅልዬ በማስቲሽ ለጠፍኩ፣ አንገቱን በክር አሰርኩ። አራት ስልቻ፣ አንዱ የተቀደደ፣ ከውስጡ የፈሰሰ በሶ። በሶው በሶ ነው። ቀለም አያስፈልገውም። እማዬ ይሄኛውን አየችና ምንም አላለችም፤ እንደ ምርቃት ቆጠርኩት።

የካቲት 22፣ ቅዳሜ

የመቀሌ ጨዋታ። የእህቴ ልጅ ጋሊያኖ ሆነ። ፋርማሲስቱ የእቴጌን ሰዎች ይዞ መጣ። ሕጉ ቀላል ነው፦ ምሽጉ ውስጥ ያለው ምንጩን ሳይዝ ባለፈ በየዙሩ አንድ ዳይስ ይቀነስበታል።

ልጁ በቆርኪ ዘመን ቢሆን ምሽጉ ውስጥ ተቀምጦ ይተኩስ ነበር። አሁን በአራተኛው ዙር ዓይኑ ከምንጩ ላይ አልነሣ አለ። ጎንበስ ብሎ ኮዳዋን በጣቱ ጫፍ ነካ። «ይቺ ምስር ናት?» አለ። ናት አልኩት። በአምስተኛው ዙር የምሽጉን በር ከፍቶ ሰዎቹን በሙሉ ወደ ውሃው አወጣቸው። በሜዳው ላይ አለቁ። ማንም እንደዚያ አድርግ አላለውም፤ በነጥብ ሒሳብም ስሕተት ነው። ፋርማሲስቱ ዳይሱን እንደያዘ ቀረ። «እኔ መሣሪያቸውን ይዘው እንዲወጡ ልፈቅድ ነበርኮ» አለ። እውነተኛው ጋሊያኖ እንደዚያ ነው የወጣው።

የካቲት 23፣ እሑድ

ከተማው ከጠዋት ጀምሮ በፉከራና በቀረርቶ ነው። እኛ ከሰዓት በኋላ ተቀመጥን። ጾም ስለሆነ ጠረጴዛው ዳር ሽምብራ ቆሎ፣ ሱፍና ሻይ።

መምህሩ ባራቲዬሪ ሆነ። ታሪኩን ሁሉ የሚያውቅ ሰው ባራቲዬሪ ሲሆን ማየት ነው ደስታው። የግራ ብርጌዱን ይዞ የመጀመሪያውን ኮረብታ ወጣ፣ ካርታውን ገለበጠ፤ ባዶ። ሳቀ። ወደፊት መሄድ ግዴታው ነው። ምን እንደሚመጣ እያወቀ ሄደ። በሦስት ዙር ተከበበ። «አሁን የገባኝ ሰውየው ሞኝ አለመሆኑ ነው» አለ። ለሌላ ጊዜ ካርታዎቹ ሦስት ቢሆኑ ይሻላል፤ ሁለት ሲሆኑ አንዴ ከተገለበጠ ምሥጢሩ አለቀ።

ነጋሪቱ እንደታሰበው አልሠራም። በ30 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ያለ ጦር ዳይሱን ደግሞ ይጥላል ብለን ነበር፤ በዛ። የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ጦር የሚቆም አልሆነም። ወደ 20 እናወርደዋለን። የእህቴ ልጅ «ለጎጃም አድልተሃል» ብሎኛል። ክሱን አልቀበልም።

ዓይኖቹ ግን ከሩቅ ይታያሉ። መጨረሻ ላይ ቀና ስል አምስት ጥንድ ዓይን ጠረጴዛው ላይ ሆኖ ያየኛል፤ ሁለቱ ደንግጠዋል።

የካቲት 24፣ ሰኞ

የጥገና ዝርዝር። የምንጩ ጠርዝ አንድ ቦታ ተላጧል፤ ቀለም ብቻ ነው። አንዱ ፋኖስ ወድቋል። ጋሼ ጋ ሄጄ ለሦስተኛው ካርታ አንድ ክብ አስቆርጣለሁ፤ ሚስት ስለማግባት የሚሉትንም እሰማለሁ።

ትርፉን ነጋሪት ፈልጌ አጣሁት። ታሽቶ ያለቀ፣ ቀለም ብቻ የቀረው፣ ትናንት ሻይ ማቅረቢያው ላይ በትንሽ ሳህን ያስቀመጥኩት። ለሁሉም ደወልኩ። ፋርማሲስቱ ትንሽ ዝም ካለ በኋላ «አንደኛው ወገኑ ዝርግ የሆነው ሽምብራ ነው?» አለ።